ከቀሚስ ሥር ያለው ታሪክ

በዛሬው እትማችን የምናነሣው ጉዳይ በአደባባይ የማይወራ፣ እናቶችና እኅቶችም ቢሆኑ በሹክሹክታ ብቻ የሚጠያየቁበት ነው። ይኸውም የሴቶች የውስጥ ልብስ ጉዳይ ነው። አባቶች፣ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ጥቂት ታገሡን። ሴት ልጅ ያለው አባት ሁሉ አንድ ቀን በካንዮን ውስጥ በአንድ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ መቸገሩ አይቀርምና ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሡን በመርካዝ ክሊታ ከእናቶች ጋር በምናደርገው ውይይት በተደጋጋሚ የሚነሡ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ በማደግ ላይ ያሉ ልጃገረዶች ከስፖርት ትምህርት መቅረታቸው ነው። አስተማሪዋ ስንፍና ይመስላታል። ነገሩ ሲጣራ ግን ልጅቷ ልብስ በሚቀየርበት ክፍል ውስጥ ጓደኞቿ የሚለብሱት ጡት መያዣ ስለሌላት አፍራ ነው። እናቷን ለመጠየቅ ታፍራለች፤ እናትም ለማንሣት ያፍራሉ። ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ነው። አንዲት እናት፣ ልጃቸው በጭቅጭቅ መካከል «እናንተ እኮ አገር ቤት የውስጥ ልብስ እንኳ አታውቁም ነበር» ስላለቻቸው ሦስት ቀን ሙሉ ሳይነጋገሩ ቆዩ። ቤታቸው ሄደን ስናነጋግራቸው «እውነቷን ነው፤ ምን ብዬ ልመልስላት?» አሉን።

መልስማ አለው። ትንሽ ረዘም ያለ ስለሆነ ግን ከሥር ከመሠረቱ መጀመር ይኖርብናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እናንሣ። በአማርኛ ሙታንታ የምንለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው። በዕብራይስጥ የውስጥ ሱሪ ታሕቶኒም ይባላል፤ ይህም «ታሕት» ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን፣ ግዕዝ የሚያውቁ ቄሶቻችንና ሽማግሌዎቻችን ወዲያው እንደሚገነዘቡት በግዕዝም ታሕት ማለት ታች ማለት ነው። ጡት መያዣ፣ ሌሎች ጡት ማስያዣ የሚሉት፣ ደረት ማለት ከሆነው «ሐዜ» ከሚለው ቃል ሐዚያ ተብሏል። በፈረንሳዮች አፍ የሴት የውስጥ ልብስ ላንዥሪ ይባላል፤ የቃሉ ሥር የተልባ እግር የሚባለው ጨርቅ ነው። የተልባ እግር ካነሣን ደግሞ የኦሪት መጽሐፍ አንባቢ የሆነ ሁሉ ዘጸአት ምዕራፍ 28ን ያስታውሳል። ካህናቱ ከልብሰ ተክህኖው ሥር ከወገብ እስከ ጭን የሚደርስ የተልባ እግር ሱሪ እንዲለብሱ የታዘዘው እዚያ ነው። ስለዚህ የውስጥ ልብስ የሚባል ነገር ለእኛ ሕዝብ እንግዳ ነው የሚል ካለ መጽሐፉን ይመልከት። እርግጥ ነው፣ ያ ትእዛዝ ለወንዶች ነበር።

የሴቶቹስ? የሮማ ሴቶች ጡታቸውን በረዥም ጨርቅ ጠምጥመው ያስሩ ነበር። በጣልያን አገር በሲሲሊ ደሴት፣ ፒያሳ አርሜሪና በሚባል ከተማ አጠገብ የአንድ ባለጸጋ ቤት ፍርስራሽ አለ። በ4ኛው መቶ ዘመን በተሠራው ወለሉ ላይ በጠጠር ኅብረ ቀለም የተሣሉ ልጃገረዶች ሲሮጡ፣ ኳስ ሲጫወቱና ክብደት ሲያነሡ ይታያሉ። የለበሱት የጡት ማሰሪያና አጭር ሙታንታ ብቻ ነው። ዛሬ ፎቶግራፉን የሚያይ ሰው በቴል አቪቭ የባሕር ዳርቻ የተነሣ ይመስለዋል። ቀጥሎ ደግሞ በኦስትሪያ አገር፣ በምሥራቅ ቲሮል፣ ሌንግበርግ በተባለ ግንብ እድሳት ሲካሄድ በ2008 ከወለል ሥር ከ2,700 በላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገኘ። ከውስጡም በ15ኛው መቶ ዘመን የተሰፉ፣ ለሁለቱም ጡት የተለየ ከረጢት ያላቸው አራት ጡት መያዣዎች ወጡ። ዜናው በ2012 ሲነገር ብዙ ሊቃውንት ተደነቁ፤ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ጡት መያዣ የ100 ዓመት ያህል ዕድሜ ብቻ እንዳለው ይታመን ነበርና። በዚያው ጉድጓድ አንድ ሙታንታም ተገኝቷል፤ ነገር ግን ተመራማሪዎቹ የወንድ ነው ብለዋል። ለምን ቢባል፣ በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሴት ሙታንታ አትለብስም ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ የእናትየዋ መልስ ያለው እዚህ ነውና። ለብዙ መቶ ዓመታት የአውሮፓ ሴት፣ ገበሬም ሆነች ንግሥት፣ ከቀሚስ ሥር የምትለብሰው ከተልባ እግር የተሰፋ ረዥም እጀ ጠባብ ብቻ ነበር። ሁለት እግር ያለው ልብስ የወንድ ነው፤ ሴት ብትለብሰው ነውር ነው ይባል ነበር። ሙታንታ በሴቶች ዘንድ የተለመደው ገና በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን ሁለቱ እግሮች ለየብቻ ተሰፍተው ወገብ ላይ የሚታሰሩ፣ በመካከል ክፍት የሆነ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ የጻፉላቸው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የለበሱት ሁሉ እንደዚህ ያለ ነው። ከእርሳቸው ሙታንታዎች አንዱ በ2008 በእንግሊዝ አገር በደርቢ በጨረታ ሲሸጥ የወገቡ ዙሪያ 127 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ የተሸጠውም በ4,500 ፓውንድ ነው። ንግሥቲቱ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቅ። ለማንኛውም በመካከል የተዘጋው ሙታንታ በሰፊው የተለመደው ወደ 20ኛው መቶ ዘመን ሲቃረብ ነው። እንግዲህ የጎንደር ገጠር እናት ከቀሚሷ ሥር ሌላ ልብስ አልነበራትም ማለት የለንደንና የፓሪስ ሴቶች ለብዙ ዘመን እንደኖሩት ኖራለች ማለት ነው። ልጃችሁ በድጋሚ ከተናገረች ይህን ንገሯት። በቁጣ ሳይሆን ሻይ እየጠጣችሁ ይሁን።

የአውሮፓ ሴቶች ሙታንታ ባይለብሱም ከእርሱ የከበደ ነገር ለብሰዋል። በዕብራይስጥ ማሖኽ፣ በሌላው ዓለም ኮርሴት የሚባለው ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የሴትን ወገብ ሲያስር የኖረ ልብስ ነው። ጠንካራ እንዲሆን ከዓሣ ነባሪ አፍ የሚወጣ አጥንት መሰል ነገር፣ በኋላም ብረት ይሰፋበት ነበር። ከበስተኋላ በገመድ እየተሳበ ሲጠብቅ የጎድን አጥንትን ይጫናል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሐኪሞች በየጊዜው ቢያስጠነቅቁም የሚሰማ አልነበረም። ትናንሽ ልጃገረዶችም ሳይቀሩ ይታሰሩበት ነበር። አንዳንድ እናቶች ይህን ስንነግራቸው «እኛስ ከወለድን በኋላ ወገባችንን በመቀነት እናስር የለም ወይ?» ይሉናል። ልክ ነው፤ ነገር ግን መቀነት የምታስረውም የምታላላውም ራሷ ባለቤቷ ናት። ኮርሴት የለበሰች ሴት ሌላ ሰው ከኋላዋ ቆሞ ይስብላት ነበር። ልዩነቱ ትልቅ ይመስለናል።

ነገሩ በ1850ዎቹ ደግሞ ሌላ መልክ ያዘ። ቀሚስን እንደ ጎጆ ክዳን የሚዘረጋ የብረት ቀለበት የተሠራበት ክሪኖሊን የሚባል የውስጥ ልብስ በ1856 በፓሪስ ወጣ። በዚህ ልብስ በበር ማለፍ ያስቸግር ነበር፤ ወደ እሳት መጠጋትማ ሞት ነው። በደቡብ አሜሪካ፣ በቺሊ ዋና ከተማ በሳንቲያጎ፣ በዲሴምበር 8 ቀን 1863 አንድ ቤተ ክርስቲያን በእሳት ሲጋይ ከ2,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ሰፊ ቀሚሳቸው እርስ በርሱ እየተጠላለፈ መውጫው በር ላይ ታፍነው ቀሩ። ፋሽን የሚባለው ነገር ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ቀስ በቀስ ግን ሴቶቹ ራሳቸው ማጉረምረም ጀመሩ። በ1881 በለንደን ልብስ ልባም ይሁን የሚል የሴቶች ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ ያወጣው መመሪያ፣ አንዲት ሴት የምትለብሰው የውስጥ ልብስ ክብደት ከ7 ፓውንድ፣ ማለትም ከ3 ኪሎ ግራም ከጥቂት፣ አይብለጥ የሚል ነበር። ይህ ገደብ ሆኖ ከወጣ ቀድሞ ስንት ኪሎ ይሸከሙ እንደነበር እናንተው ገምቱ። በ1889 ኤርሚኒ ካዶል የተባለች ፈረንሳዊት ኮርሴትን ለሁለት ከፍላ የላይኛው ክፍል ከትከሻ ላይ እንዲንጠለጠል አደረገች። በአሜሪካ ደግሞ ሜሪ ፌልፕስ ጄኮብ የምትባል ወጣት ለግብዣ ስትዘጋጅ ኮርሴቷ ከስስ ቀሚሷ ሥር ቢታይባት፣ ከረዳቷ ጋር ሁለት መሐረብ በጥብጣብ አያይዛ ሰፋች። በኖቬምበር 3 ቀን 1914 የፈጠራ መብት ወረቀት አገኘችበት፤ ቆይታም መብቱን ለአንድ የኮርሴት ፋብሪካ በ1,500 ዶላር ሸጠችው። ኩባንያው አተረፈበት፤ እርሷ አልተቆጨችም ይባላል። እኛ ግን እንቆጭላታለን።

አሁን ወደምንወደው ታሪክ ደርሰናል። ዛሬ በየሱቁ የምናየውን ጡት መያዣ በዓለም ካስፋፉት መካከል ግንባር ቀደሟ አንዲት ስደተኛ አይሁዳዊት ናት። ወይዘሮ አይዳ ሮዘንታል በ1886 በዛሬዋ ቤላሩስ፣ በሚንስክ አቅራቢያ ራኮቭ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የዕብራይስጥ መጻሕፍት ሰው ነበሩ፤ እናታቸው አነስተኛ ሱቅ ነበራቸው። ለባልነት ያጩት ዊልያም ሮዘንታል ለሩሲያ ንጉሥ ወታደርነት ላለመመልመል ወደ አሜሪካ ሲሸሹ፣ እርሳቸውም ገና በ20 ዓመታቸው አፋፍ ላይ ሳሉ ተከተሉ። አገሩ እንግዳ፣ ቋንቋው እንግዳ ነበር። የሚያውቁት ሙያ ስፌት ነው። በሰው ፋብሪካ ተቀጥሮ መሥራትን ስላልፈለጉ ሲንገር የልብስ መኪና በየወሩ በሚከፈል ዕዳ ገዝተው በቤታቸው መስፋት ጀመሩ። ዕዳ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም፤ እርሳቸው ግን ከፈሉት።

በ1921 ከኢኒድ ቢሴት ጋር ተሻርከው በኒው ዮርክ በ57ኛው ጎዳና የሚገኝ የሴቶች ቀሚስ ቤት ያዙ። በዚያ ዘመን ፋሽኑ ሴት እንደ ወንድ ልጅ ደረቷ ዝርግ እንድትመስል ነበርና ሴቶች ጡታቸውን በጨርቅ ጨፍልቀው ያስሩ ነበር። ሁለቱ ሴቶች የሰፉት ውድ ቀሚስ በተጨፈለቀ ገላ ላይ አላምር አላቸው። ስለዚህ ሁለት ከረጢት ያለው፣ በመካከል በላስቲክ የተያያዘ ጡት መያዣ ሠርተው ከቀሚሱ ጋር በነጻ መስጠት ጀመሩ። ጥቂት ሳይቆይ ደንበኞች ተመልሰው መጡ፤ የሚጠይቁት ግን ቀሚሱን አልነበረም። «ያንን ነገር ለብቻው ስጡን» ይሉ ነበር። አንዱ በ1 ዶላር ተሸጠ። ኩባንያው ሜይደንፎርም ተባለ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀሚስ መስፋቱ ቀርቶ ጡት መያዣ ብቻ ሆነ። ባለቤታቸው ዊልያም በትርፍ ጊዜያቸው ሐውልት የሚቀርጹ ሰው ስለነበሩ ቅርጹን አሻሻሉ፤ እርሳቸው ንድፉን፣ ወይዘሮዋ ንግዱን ያዙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፋብሪካው በጃንጥላ ለሚወርዱ ወታደሮች መልእክት የምታደርስ ርግብ የሚይዙበት ጃኬት ሳይቀር ሰፍቷል። ወይዘሮ አይዳ በ1973 እስኪሞቱ ድረስ ስማቸው ከንግዱ ጋር ተያይዞ ኖረ። ኩባንያው በ1997 ከኪሳራ ደርሶ ነበር፤ በ2013 ሌላ ድርጅት ገዝቶታል።

እርሳቸው ብቻ አይደሉም። ሊና ብራያንት በ1895 በ16 ዓመቷ ከሊትዌኒያ ኒው ዮርክ ገባች፤ የጀመረችውም የውስጥ ልብስ በሚሰፋበት ቤት ነው። ባሏ ሕፃን ጥሎባት ሲሞት የሠርጓን የአልማዝ የጆሮ ጌጥ አስይዛ የልብስ መኪና ገዛች። ለነፍሰ ጡሮችና ሰውነታቸው ሞላ ላለ ሴቶች የሚሆን ልብስ ትሰፋ ነበር። ባንክ ሒሳብ ስትከፍት ስሟ በስሕተት «ሌን» ተብሎ ተጻፈ፤ ሳታስቀይረው ሌን ብራያንት የሱቆቿ ስም ሆኖ ቀረ። ስማችሁ በመታወቂያ ላይ ተጣምሞ የተጻፈባችሁ አንባቢዎቻችን ይህን ልብ በሉልን። እዚሁ እስራኤልም ወይዘሮ ሌአ ጎትሊብ አሉ። ከሀንጋሪ ከናዚ እልቂት ተርፈው በ1949 ገቡ። በአገራቸው የዝናብ ልብስ ሠሪ ነበሩና እዚህም ያንኑ ሊቀጥሉ አሰቡ፤ ዝናቡ ግን አልመጣ አለ። የጋብቻ ቀለበታቸውን ሸጠው ጨርቅ ገዙ፣ የልብስ መኪና ተዋሱ፣ በያፎ በቤታቸው የዋና ልብስ መስፋት ጀመሩ። በ1956 የተመሠረተው ጎቴክስ በዓለም የታወቀ ሆነ።

ይህን ስንጽፍ ስደተኛ ሁሉ መኪና ገዝቶ ከበረ ማለታችን አይደለም። አብዛኞቹ በመኪናው ፊት ጎብጠው የቀሩ ናቸው። በ1913 በኒው ዮርክ የውስጥ ልብስ ፋብሪካዎች የሚሠሩ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ሥራ አቁመው አደባባይ ወጡ። ብዙዎቹ ገና ልጃገረዶች፣ ብዙዎቹም ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዳውያት ነበሩ። የሠሩበት ሰዓት ረዥም፣ ደመወዙ ትንሽ ነበር። በእኛም አገር ዶቭ ላውትማን በ1975 የመሠረቱት ዴልታ ጋሊል የውስጥ ልብስ እየሠራ ለእንግሊዝ ትላልቅ ሱቆች ሳይቀር ይሸጥ ነበር። በገሊላ በአይሁድ ከተሞችም ሆነ በዐረብና በድሩዝ መንደሮች ብዙ ሴቶች በስፌት ይተዳደሩ ነበር። በ1990ዎቹ ስፌቱ ደመወዝ ርካሽ ወደ ሆነባቸው ወደ ዮርዳኖስና ወደ ግብፅ ሲሻገር ብዙ የስፌት ቤቶች ተዘጉ። ስለዚህ አንዲት አዲስ ገቢ «ስፌት እችላለሁ፤ ፋብሪካ አስገቡኝ» ስትለን በቀጥታ እሺ የማንለው ለዚህ ነው። ሙያው ጥሩ ነው፤ ዛሬ የሚፈለገው ግን በአብዛኛው ልብስ ማስተካከልና የሙሽራ ልብስ ነው።

ስለ ናይለንም አንድ ነገር እንበል፤ እናቶች ስለ ስቶኪንግ ይጠይቁናልና። በእግር ላይ የሚለበሰው ስስ ናይለን በአሜሪካ በመላ አገሪቱ ለሽያጭ የወጣው በሜይ 15 ቀን 1940 ነው። ወዲያው ጦርነት መጣና ናይለኑ ሁሉ ለጃንጥላና ለገመድ ሆነ። ጦርነቱ ሲያልቅ በ1946 በፒትስበርግ ከተማ 13,000 ጥንድ ስቶኪንግ ለመግዛት 40,000 ሰው ተሰልፎ ጠብ ተነሣ። ላስቲክ መሰሉ ላይክራ የተፈለሰፈው በ1958 ነው። በ1969 በጨረቃ ላይ የተራመዱት ሰዎች የለበሱት ልብስ ደግሞ የተሰፋው ፕሌይቴክስ የሚባለውን ጡት መያዣ በሚሠራው ኩባንያ፣ በዚያው ፋብሪካ ሴቶች እጅ ነበር። ስፌቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች እንኳ ቢሳሳት ሰውየው በሕይወት አይመለስምና፣ የሮኬት መሐንዲሶቹ በስፌት ሴቶች እጅ ተማመኑ።

ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት «ሴቶች ጡት መያዣ አቃጠሉ» የሚል ነገር ይሰሙ ይሆናል። በሴፕቴምበር 7 ቀን 1968 በአትላንቲክ ሲቲ የቁንጅና ውድድርን የተቃወሙ ሴቶች ጡት መያዣና ኮርሴት በቆሻሻ በርሜል ጣሉ እንጂ አላቃጠሉም። ከዚያ ይልቅ ለልጆቻችሁ የሚጠቅመው በ1977 በአሜሪካ በቬርሞንት የሆነው ነው። መሮጥ የሚወዱ ሴቶች ሲሮጡ ጡታቸው ስለሚያማቸው ሁለት የወንድ ስፖርተኞች መታጠቂያ አገጣጥመው ሰፉ። የስፖርት ጡት መያዣ ከዚያ ተወለደ። በስፖርት ሰዓት ለሚያፍሩት ልጃገረዶቻችን መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ ዋጋው ብዙ አይደለም፣ ሲለበስ እንደ ተራ ካናቴራ ይታያል፣ ለእናትም ለልጅም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

በዚያው ዓመት በ1977 በአሜሪካ በፓሎ አልቶ ቪክቶሪያስ ሲክሬት ተከፈተ። የከፈተው ለሚስቱ የውስጥ ልብስ ሊገዛ ሄዶ በሱቁ ውስጥ ያፈረ ወንድ ነው፤ አባቶች፣ ብቻችሁን አይደላችሁም። ያ ኩባንያ ከ1995 ጀምሮ ያሳይ የነበረው ትርዒት ሴት ሁሉ ቀጭንና ረዥም መሆን አለባት የሚል ሐሳብ አሰራጨ። ብዙ ሴቶች ስለነቀፉት በ2019 ቀረ፤ በ2024 መልኩን ቀይሮ ተመልሷል። በየካንዮኑ መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ፎቶግራፍ አይታ ልጃችሁ ሰውነቷን ብትጠላ፣ ሥዕሉ ዕቃ ለመሸጥ የተሠራ መሆኑን አስረዷት። በእኛ አስተያየት ከኮርሴቱ ገመድ ብዙ አይለይም።

ስለ ወር አበባም ሳናነሣ ብናልፍ አምዳችን ጎደሎ ይሆናል። በአገር ቤት እናቶቻችን በዚያ ሰሞን ወደ መርገም ጎጆ ይሄዱ ነበር። እዚህ በአራተኛ ፎቅ ላይ ጎጆ የለም። አውሮፓና አሜሪካም ቢሆኑ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ጨርቅ ይታጠብ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለቁስል ከተሠራ ማሸጊያ የተነሣ ኮቴክስ በ1920 ለሽያጭ ወጣ፤ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻም በወገብ ላይ በሚታሰር መታጠቂያ ይያዝ ነበር። ከሥሩ የሚጣበቀው ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ስለዚህ ጠበቅ ያለ የጥጥ ሙታንታ ያስፈልገዋል። ይህን ለልጃችሁ ወሩ ከመድረሱ በፊት ንገሯት፤ ደሙን አይታ ታመምኩ ብላ ደንግጣ የመጣች ልጅ ከአንድ ጊዜ በላይ ገጥሞናል።

በመጨረሻም ስለ ጤና። «ጡት መያዣ ካንሰር ያመጣል» የሚል ወሬ በኡልፓንም በአውቶቡስም እንሰማለን። በ2014 በሲያትል ከተማ ከ1,500 በላይ ሴቶች የተካተቱበት ጥናት ታትሞ ምንም ግንኙነት አልተገኘም። ሊያሳስባችሁ የሚገባው ሌላ ነው፦ በጡት ላይ አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ወይም ፈሳሽ ካያችሁ ሳትዘገዩ ወደ ኩፓት ሆሊም ሂዱ። ለማሞግራፊ ከወገብ በላይ ማውለቅ የግድ ስለሆነ ብዙ እናቶች ቀጠሮውን ይተዋሉ። ሴት ባለሙያ እንድታነሣችሁ ጠይቁ፤ ልጃችሁን ወይም ጎረቤታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከፈለጋችሁ እኛ እንሸኛችኋለን። ጡታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውም አይደበቁ። ባርቢ የተባለችውን አሻንጉሊት የፈጠሩት ሩት ሃንድለር፣ ከፖላንድ የተሰደዱ አይሁዶች ልጅ፣ በ1970 በካንሰር አንድ ጡታቸውን ካጡ በኋላ የሚመች ምትክ ቢያጡ ራሳቸው ኩባንያ አቋቁመው በጡት መያዣ ውስጥ የሚገባ ምትክ ጡት አሠሩ። ነርሷን ብትጠይቁ ትነግራችኋለች።

ወደ ሱቅ ስትሄዱ ይህን ያዙ። ጡት መያዣ ላይ ቁጥርና ፊደል ይጻፋል። ቁጥሩ፣ ለምሳሌ 75 ወይም 80፣ ከጡት በታች ያለው የደረት ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ነው። ፊደሉ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እያለ የሚሄደው፣ በጡቱ ላይ ያለው ዙሪያ ከበታቹ ምን ያህል እንደሚበልጥ ያሳያል። ሻጯ እንድትለካችሁ ካልፈለጋችሁ በቤታችሁ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩና በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። ልክ ማለት ሚዳ ነው። «ኤፍሻር ሊምዶድ?» ብትሉ ልለካው እችላለሁ ወይ ማለት ነው፤ የመለኪያው ክፍል ታ ሐልባሻ ይባላል። ጥጥ የሆነውን ከፈለጋችሁ ኩትና በሉ። ክብደቱን መያዝ ያለበት ትከሻ ላይ ያለው ማንጠልጠያ ሳይሆን የደረቱ ዙሪያ ነው፤ ትከሻን ከቆረጠ ልኩ አይደለም። የልጃገረዶች ጡት አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ ማጎጥጎጥ ስለሚጀምር፣ በቶሎ ያድጋሉና ብዙ አትግዙ፤ ሁለት ይበቃል። የውስጥ ልብስ አብዛኛውን ጊዜ ከተገዛ በኋላ ስለማይመለስ ሳትለኩ አትክፈሉ፤ ደረሰኙንም ያዙ።